መኪናው ሲያመነታ፤ ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት

በገደብ የቡናው ለቀማ አልቆ የዓመቱ ሒሳብ በእጅ ሲገባ ቤተሰብ በአንድነት ተቀምጦ ይመክራል። የልጆች ትምህርት፣ የቤቱ ጣሪያ፣ የቆየ ብድር፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ገንዘብ፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ተወዳድሮ «ያገለገለ መኪና እንግዛ» የሚለው አሳብ የሚያሸንፍበት ቤትም አለ። እንዲህ ባለው ቤት መኪና የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። ምጥ የያዛትን ሴት በሌሊት ወደ ዲላ ማድረሻ፣ የሱቁን ዕቃ ማመላለሻ፣ አረጋውያን ወላጆችን መጠየቂያ የሚሆን የቤቱ ጉልበት ነው።

ታዲያ ይህ ብዙ የተደከመበት ንብረት በተገዛ በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ አመል ሊያወጣ ይችላል። ነዳጅ ሲሰጡት ወዲያው አይነሣም። አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም። ሌላ ጊዜ ለአንድ አፍታ እንደ ማሰብ ይልና ድንገት ይፈናጠራል። ዳገት ላይ ሲደርስ ደግሞ ይንተፋተፋል። በአጭሩ መኪናው ያመነታል። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ በአካባቢው ያለ ሰው ሁሉ ፍርዱን ለመስጠት አይዘገይም። «ካምቢዮው አልቋል» ይባላል።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ነው። ምክንያቱም «ካምቢዮው አልቋል» ከተባለ በኋላ የሚከተለው ወጪ አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የለፋበትን ገንዘብ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን ማመንታት የበሽታ ምልክት ነው እንጂ የበሽታው ስም አይደለም። አንዲት እናት ልጇ ባተኮሰው ቁጥር ወባ ነው ብላ መድኃኒት አትሰጠውም። ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳ ደሙን ታስመረምራለች። የሚያመነታ መኪናም እንዲሁ ነው። አየር በማጣት፣ ነዳጅ በማጣት፣ እሳት በማጣት ወይም በእርግጥም በካምቢዮ ድካም ሊያመነታ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብዙውን ጊዜ በአነስተኛ ገንዘብ የሚታከሙ ናቸው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ጭምር ነው።

ጥንቃቄው ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜአቸው በገፋ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። ከዚህ የተነሣ አገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ያረጃሉ። ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት ዘንድ የሚደርስ መኪና የቀድሞዎቹን ባለቤቶች ቸልታ ሁሉ ተሸክሞ ይመጣል። ስለዚህ የገዛነውን መኪና በሽታ በትክክል ማወቅ እንደ ቤት ባልትና ሊታይ የሚገባው የቤተሰብ ዕውቀት ሆኗል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ምንድን ነው?

በተራው ካምቢዮ ነጂው ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን በእጁ ይለውጣል። በአውቶማቲኩ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። አሜሪካዊው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪናዎች ላይ ሃይድራማቲክ የተባለውን ካምቢዮ በብዛት ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የአሠራሩ መሠረት ብዙም አልተለወጠም።

የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ወንዙ መዘውሩን ይገፋል፤ መዘውሩም ድንጋዩን ያዞራል። በአውቶማቲክ መኪናም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ አለ። ቶርክ ኮንቨርተር ይባላል። በውስጡ ሁለት ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ተገጥመዋል። ሞተሩ የመጀመሪያውን ሲያዞረው ዘይቱ እንደ ወንዝ እየፈሰሰ ሁለተኛውን ይገፋል። ሁለተኛው ደግሞ ካምቢዮውን ያዞራል። ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ፍሪሲዮኖች እየጨመቀ ማርሹን የሚለውጠውም ይኸው ዘይት በግፊቱ ነው። እንግዲህ ዘይቱ ካነሰ፣ ከተቃጠለ ወይም ዓይነቱ ካልሆነ ካምቢዮው እጅና እግሩ እንደ ታሰረ ሰው ይሆናል ማለት ነው።

ሲቪቲ የሚባለው ዓይነት ደግሞ የተለየ ነው። በዚህኛው ደረጃ በደረጃ የሚለወጥ ማርሽ የለም። የብረት ቀበቶ ስፋታቸው በሚለዋወጥ ሁለት መዘውሮች ላይ ይሽከረከራል። ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት ቪትዝ መኪናዎች ብዙዎቹ ይህን ዓይነት ካምቢዮ ይዘዋል። ቪትዝ በውጭ አገር ያሪስ ተብሎ ሲሸጥ ግን በተራ አውቶማቲክ የመጣም አለ። ስለዚህ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት መኪናዎች ካምቢዮአቸው ሊለያይ ስለሚችል የእርስዎ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድመው ይወቁ።

የመኪናው ደብተር

መካኒኩ መኪናውን የሚያየው ለአንድ ሰዓት ነው። ቤተሰቡ ግን በየቀኑ አብሮት ይኖራል። ስለ ሆነም ከማንኛውም መመርመሪያ መሣሪያ በፊት የሚቀድመው የቤተሰቡ ትዝብት ነው። መኪናውን የምትነዳውም ሆነች ከኋላ ልጅ ታቅፋ የምትቀመጠው እናት ይህን ትዝብት መያዝ ትችላለች። አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይግዙና መኪናው ባመነታ ቁጥር የሚከተሉትን ይጻፉበት።

በመጀመሪያ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቆ ነበር? ሁለተኛ፣ ከቆመበት ሲነሣ ነው ወይስ በጉዞ ላይ እያለ? ሦስተኛ፣ ሜዳ ላይ ነው ወይስ ዳገት ላይ? አራተኛ፣ ነዳጅ የተቀዳው መቼና ከየት ነበር? አምስተኛ፣ ከዝናብ፣ ከሞተር እጥበት ወይም ከጥገና በኋላ የጀመረ ነው? ስድስተኛ፣ ከመሪው ፊት ለፊት የሞተር ሥዕል ያለበት ቢጫ መብራት በርቷል?

ሰባተኛውና ዋናው ጥያቄ ስለ ሞተሩ ዙር ቆጣሪ ነው። መኪናው ባመነታ ጊዜ መርፌው ምን አደረገ? መርፌው ሽቅብ እየወጣ፣ ሞተሩም እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ጉልበቱ የሚጠፋው ከሞተሩ በኋላ ስለ ሆነ ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው ያዘነብላል። መርፌው ራሱ የሚንቀጠቀጥ ወይም ለመውጣት የሚቸገር ከሆነ ግን የደከመው ሞተሩ ነው፤ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ጉልበት አጥቷል ማለት ነው። ይህች አንዲት ትዝብት ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ግን አሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም አውቶማቲክ ነዳጅ አጥብቀው ሲሰጡት አንድ ማርሽ ወደ ታች ስለሚለውጥ ዙሩ ለአፍታ ከፍ ይላል፤ ይህ ጤንነት ነው። ሁለተኛ፣ በሲቪቲ መኪና ዙሩ ቀድሞ ወጥቶ ፍጥነቱ በኋላ መከተሉ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው።

ከርካሹ ወደ ውዱ

በገደብና በይርጋ ጨፌ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የሚለቅሙ እናቶችና እኅቶች አንድ ጥበብ አላቸው። ጥቂት የተበላሸ ፍሬ ታየ ተብሎ አልጋው ሙሉ አይደፋም። እየለዩ፣ አንድ በአንድ እያነሡ ያጠሩታል እንጂ። የመኪናም ምርመራ እንዲሁ በለቀማ መሆን ይገባዋል። የሚጀመረውም ገንዘብ ከማይጠይቀው ነው።

አስቀድሞ የእጅ ፍሬኑ በሚገባ መለቀቁን ያረጋግጡ። በከፊል የተያዘ የእጅ ፍሬን ወይም ተጣብቆ የቀረ የጎማ ፍሬን መኪናውን ከኋላ እንደ ያዘ ሰው ይጎትተዋል። ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ሙቀት ቢወጣውና የመቃጠል ሽታ ቢኖረው ነገሩ ፍሬን ነው። ብረቱን ግን በእጅ አይንኩት፤ ያቃጥላል። የጎማዎቹም አየር ማነስ እንዲሁ መኪናውን ያከብደዋል።

ቀጥሎ የአየር ፊልትሮው ይታይ። በበጋ ወራት በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ መኪና ፊልትሮው ፈጥኖ ይደፈናል። ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ብርሃን አቅጣጫ መመልከት ነው። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ አየርም አያሳልፍም። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ትልቁ የጎማ ቱቦ መሰንጠቁም ይታይ። በስንጥቁ የሚገባው አየር ሳይለካ ስለሚያልፍ ሞተሩ የሚሰጠውን የነዳጅ መጠን ያሳስታል።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። በየከተማው በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ እየተቸረቸረ የሚሸጥ ቤንዚን ውኃ፣ ቆሻሻ ወይም ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል። ማመንታቱ የጀመረው እንዲህ ያለ ነዳጅ በተቀዳ ማግስት ከሆነ ምክንያቱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ከዚህም ሌላ የነዳጅ ፊልትሮ ሲደፈን ወይም የነዳጅ ፓምፕ ሲደክም መኪናው ሜዳ ላይ ደኅና እየሄደ ዳገት ላይ ይንተፋተፋል። ዳገት ብዙ ነዳጅ ይጠይቃልና ጉድለቱ የሚገለጸው እዚያ ነው። ለመካኒኩ የፓምፑን ግፊት በመለኪያ እንዲለካ ይንገሩት። ሳይለኩ ፓምፕ መለወጥ ግን በግምት መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው።

አራተኛው እሳት ነው። ካንዴላ ሲያረጅ፣ እሳት የሚያመነጨው ኮይል ሲዳከም ከሲሊንደሮቹ አንዱ ሥራውን ይዘላል። መኪናውም እንደ አንካሳ ይንገዳገዳል። ሲሞቅ ብቻ ወይም ዝናብ በጣለበት ቀን ብቻ የሚመጣ መንተፋተፍ ከዚህ ወገን ይመደባል። ካንዴላዎቹ ተፈትተው በተርታ ሲቀመጡ ብዙ ይናገራሉ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጠቆረ ወይም ከረጠበ ችግሩ በዚያ ሲሊንደር ላይ ነው።

ከእነዚህ በኋላ የሚታዩት የአየር ማስገቢያው በር ላይ የሚጋገረው ጥላሸት፣ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር መቆሸሽና የማርሚታው መደፈን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በጽዳት ይድናሉ። ማርሚታ የተደፈነበት መኪና ደግሞ ሲነሣ ደኅና መስሎ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እስትንፋስ እንዳጠረው ሰው ይሆናል።

የከፍታው ነገር

በአካባቢያችን ሌላ የሚዘወተር ምክንያት አለ። «አገሩ ደጋ ስለ ሆነ ነው» ይባላል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። የገደብ የቡና ማሳዎች በ2,000 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በ18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ወደ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ዲላ ቀልጠፍ የሚል መኪና ገደብ ላይ ትንሽ ቢከብድ አያስገርምም።

ነገር ግን ከፍታ ጉልበትን በእኩልነት ይቀንሳል እንጂ መኪናን አያንገዳግድም። ዛሬ ደኅና አድርጎ ነገ አያመነታም። መኪናው የተገዛው ከአዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ይህ ምክንያት ጨርሶ ዋጋ የለውም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና። እዚያ ያላመነታ መኪና እዚህ ካመነታ ጥፋቱ የአገሩ አየር አይደለም።

ወደ ካምቢዮው ስንመጣ

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ታይተው ንጹሕ ከሆኑ፣ ወይም መርፌው ሽቅብ እየወጣ መኪናው የማይሄድ ከሆነ ያን ጊዜ ካምቢዮው ይመርመር። ይህም ቢሆን የሚጀመረው ከዘይቱ ነው።

የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ባላቸው ብዙ መኪናዎች ላይ አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናው ተነድቶ ይሞቃል። ሜዳ ላይ ይቆማል። የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ፣ የማርሽ ዘንጉ በሁሉም ቦታዎች ላይ ቀስ ብሎ ካለፈ በኋላ ወደ ፒ ይመለሳል። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ዘይቱ ይለካል። ሞተር ጠፍቶ እንዲለካ የሚያዝዙ አምራቾችም ስላሉ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይታይ። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው መኪናዎች ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ከሥር ተከፍተው የሚለኩ ናቸው።

ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ወይም በነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉት። ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች እየተበሉ ነው። ወተት የተቀላቀለበት ቢመስል ደግሞ ከራዲያተር ውኃ ገብቶበታልና መኪናው ሳይነዳ ወደ ጋራዥ ይወሰድ። መጠኑ ከጎደለ መጨመር ብቻ አይበቃም። የካምቢዮ ዘይት እንደ ነዳጅ የሚያልቅ አይደለም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው።

የዘይቱ ዓይነት ደግሞ ዋና ነገር ነው። በሲቪቲ ውስጥ የተራ አውቶማቲክ ዘይት መጨመር ካምቢዮውን ይገድላል። በአንድ ኩባንያ ሥር ያሉ ዓይነቶች እንኳ እርስ በርስ አይተካኩም። ለምሳሌ ያህል የቶዮታ ቲ ፎር እና ደብልዩ ኤስ የተባሉት ዘይቶች የተለያዩ ናቸው። ገዝተውት የመጡት መኪና ከገዙት በኋላ ዘይት ተለውጦለት ከዚያ ወዲህ ማመንታት ከጀመረ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ዘይት ነው የገባው?» የሚል ይሁን። በነገራችን ላይ ከሥር ከፍቶ ማፍሰስ የሚያወጣው ከዘይቱ ከፊሉን ብቻ ነው። የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። «ዘይቱ ተለውጧል» ሲባል ስንት ሊትር እንደ ወጣና ስንት እንደ ገባ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የካምቢዮ ድካም የሚታወቅባቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የማርሽ ዘንጉን ከፒ ወደ አር ወይም ወደ ዲ ሲያስገቡ መኪናው ለመያዝ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ሲይዝም በኃይል ከመታ የዘይት ግፊቱ ደክሟል ማለት ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲነሣ ከባድ ሆኖ ከተነሣ በኋላ ግን አንድ ማርሽ ላይ ተቸክሎ የሚቀር ከሆነ ኮምፒዩተሩ ጉድለት አይቶ ካምቢዮውን ከባሰ ጉዳት ለመጠበቅ የወሰደው እርምጃ ይሆናል። ይህም አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ሽቦ ወይም ከአንድ ሴንሰር የሚመጣ ነው።

በመካከለኛ ፍጥነት፣ ነዳጅ በስሱ እየተሰጠ ሲኬድ መኪናው ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ እንዳለ የሚርገበገብ ከሆነ ነጂው ባዶ መንገድ ላይ ይህን ይሞክር። ነዳጅ የሚሰጥበትን እግር ሳያነሣ በግራ እግሩ ፍሬኑን እጅግ በስሱ ይንካው። መርገብገቡ ወዲያው ከተወ ጥርጣሬው የሚያርፈው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ባለው ፍሪሲዮን ላይ ነው። ፍሬን ሲነካ ይህ ፍሪሲዮን ይለቃልና። ካልተወ ግን ወደ ካንዴላውና ወደ ኮይሉ መመለስ ይሻላል።

ከመካኒኩ ጋር

ጥሩ መካኒክ ጥያቄ አይጠላም። እንዲያውም ደብተር ይዞ የመጣ ደንበኛ ሥራውን ያቀልለታል። «ካምቢዮው አልቋል» ለሚል መካኒክ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ምን ለካህ? ምን አገኘህ? ከካምቢዮው በፊት ሌላ ምን አይተህ ጣልክ? የሚወጣውን አሮጌ ዕቃ ታሳየኛለህ? የሚገባውን ዘይት ስም ትጽፍልኛለህ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ለቤቷ ገንዘብ የምትጠነቀቅ ሴት ገበያ ላይ ቅቤ ስትገዛ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ ትጠይቃለች።

በኮምፒዩተር የሚደረገው ምርመራም ቢሆን ዳኛ ሳይሆን ምስክር ነው። መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር ችግሩ ያለበትን አካባቢ ያመለክታል እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አይነግርም። ለምሳሌ ያህል ፒ0300 የሚለው ቁጥር ሲሊንደሮች እሳት እየዘለሉ ነው ማለት ነው። ይህ የሞተር እንጂ የካምቢዮ ጉዳይ አይደለም። ፒ0700 ደግሞ የካምቢዮው ኮምፒዩተር ቅሬታ አለው ከማለት አያልፍም። ቅሬታው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ምርመራው ወደ ውስጥ መቀጠል አለበት። ቁጥሩን በደብተርዎ ላይ ይጻፉት። ከሁሉም በላይ ግን ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ አያስለውጡ። አንድ ለውጦ መሞከር፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ ነው። አምስት ዕቃ በአንድ ቀን የተለወጠለት መኪና ቢድን እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። ካልዳነ ደግሞ የአምስቱ ገንዘብ ሄዷል።

ገና ለሚገዙት

መኪና ገና ልትገዙ ለምታስቡ አንባቢዎቻችን ደግሞ የምንለው አጭር ነው። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይንገሩት። ቀዝቃዛ ሞተር የማይደብቀውን የሞቀ ሞተር ይደብቃልና። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅዎ ዳሰስ አድርገው ሙቀቱን ይዩ። ከዚያ ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ እየለወጡ መያዙን ይቁጠሩ። ሜዳ ላይ ብቻ ሞክሮ መመለስ ዋጋ የለውም። ከዲላ ተነሥቶ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ገደብ የሚወጣው ዳገትና ቁልቁለት ራሱ ታላቅ ፈታኝ ነው። መኪናውም ሰው ጭኖ ይሞከር፤ ቤተሰቡ የሚሄድበት እንዲያ ሆኖ ነውና። ለኮምፒዩተር ምርመራ ሲሰጡ ቀደም ያሉት ቁጥሮች በቅርቡ መሰረዝ አለመሰረዛቸውን ጭምር ያስጠይቁ። መሣሪያው ራሱን የመፈተሽ ሥራውን ገና አለመጨረሱን በማሳየት ይህን ይጠቁማል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ሳይሆን የመሪውን፣ የፔዳሉንና የመቀመጫውን መበላት ይመኑ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው በአንድ ቀን ጥድፊያ የተገዛ መኪና ለብዙ ወራት ያስለቅሳል። እንሰት ስንት ዓመት ተጠብቆ እንደሚፋቅ ለሚያውቅ ቤተሰብ አንድ ሳምንት መጠበቅ አይከብደውም።

እስኪጠገን ድረስ

በመጨረሻም ከገንዘቡ የሚበልጠውን እናንሣ። የሚያመነታ መኪና አደገኛ ነው። ለመቅደም ተብሎ ነዳጅ ሲሰጠው ያልተነሣ መኪና ከፊት ለፊቱ ከሚመጣው ከባድ መኪና ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ችግሩ እስኪታወቅ ድረስ ዳገት ላይና ጠመዝማዛ ላይ መቅደም ጨርሶ ይቅር። ነጂው ባልም ሆነ ሚስት፣ ወንድምም ሆነ ልጅ፣ ይህን ያለ ይሉኝታ ሊነገረው ይገባል። ልጆችም ከኋላ ይቀመጡ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ቁልቁለትን በኤን መውረድ በብዙ ነጂዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው። ነዳጅ በኮምፒዩተር በሚለካባቸው መኪናዎች ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ሳይሰጥ ሲወርዱ ኮምፒዩተሩ ራሱ ነዳጁን ይዘጋል። በኤን ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይፈጃል። በዚህ ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ስለሚሆን ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊል ይችላል። ረዥም ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛውን ማርሽ መጠቀም ይሻላል። ዳገት ላይ ቆሞ መኪናውን በነዳጅ መያዝም ካምቢዮውን ስለሚያቃጥል በፍሬን መያዝ ይገባል።

መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ቢገፉት አውቶማቲክ በመግፋት አይነሣም። በገመድ ታስሮ ረዥም መንገድ መጎተትም ጉዳት አለው። የካምቢዮውን ዘይት የሚያሽከረክረው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ስለ ሆነ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ ሆነው ሲጎተት ካምቢዮው በደረቁ ይፋጫል። ደኅና የነበረው ካምቢዮ እውነትም የሚያልቀው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ወደ ጋራዥ ሲጎተት ነው። የሚነዱት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ወይም መኪናው በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ።

እንግዲህ «ካምቢዮው አልቋል» የሚለው ቃል እውነት የሚሆንበት ጊዜ የለም ማለታችን አይደለም። አለ። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ይጠገን፣ ይለወጥ ወይስ ይሸጥ ብሎ ይመክራል። ምክሩ ግን የሚያምረው አየሩ፣ ነዳጁ፣ እሳቱና ዘይቱ በተራ ታይተው፣ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲሆን ነው። ዛሬ ማታ የልጆችዎ ካለቀ ደብተር የተረፈ ንጹሕ ገጽ ካለ ሰባቱን ጥያቄዎች ጽፈው ከመኪናው ቁልፍ ጋር ያስቀምጡት።